«2318» የዘንድሮ ጎማ አይደለም

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ጎማ ልገዛ ነው፤ እባክዎ አብረን እንሂድ» አለኝ። መኪናው ኤሌክትሪክ ናት። ቆሼ፣ ከቀለበት መንገዱ ብዙም ሳንርቅ፣ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥበት ቤት ገባን። ሰፋፊ፣ ጎናቸው አጭር የሆነ አራት «የስፖርት ጎማዎች» ተደርድረዋል። ስማቸው ትልቅ ነው፤ ጥርሳቸውም አላለቀም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አነበበና ፊቱ በራ። «2318! የ2018 ነው ጋሼ፣ የዘንድሮ!»

ሻጩ ዝም አለ። ይህን ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

ወዳጆቼ፣ ጎማ ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጅ ነው። 2318 ማለት በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2010 ዓ.ም. ጎማ! ልጁ «የዘንድሮ» ያለው ጎማ ሰባት ዓመት አልፎታል። ጎማ ደግሞ ባይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጥርሱ እንዳለ ሆኖ መንገድ የመያዝ አቅሙ ይሄዳል።

ልጁ «የስፖርት ጎማ» ማለቱ ሞኝነት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። የቤተሰብ መኪና የምንላት ገና ስትነካ እንደ ስፖርት መኪና ትፈተለካለች። ክብደቷም ሌላ ነው፤ ፎልስቫገን አይዲ 6 ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ሁለት ቪትዝ እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ ጉልበትና ክብደት መንገድ ላይ የሚይዘው እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካባት መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ ናት። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናዋን የሚያቆመው ጎማው ነው።

ስለዚህ ጥሩ ጎማ ያስፈልጋል። ግን ጥሩ ማለት ሰፊና የሚያምር ማለት አይደለም። 225/40 አር 18 የሚል ጎማ የጎኑ ቁመት 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 205/55 አር 16 ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የእኛ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ያቺ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቸርኬውን ታድናለች። ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ሊይዝ ይችላል፤ ክረምት ላይ ግን ውኃው ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥርና ፊደልም አንብቡ። 91 ማለት አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ 95 ማለት 690 ኪሎ። ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። «እዚህ ማን 200 ይነዳል?» ትሉ ይሆናል። ሸክሙን ግን በየቀኑ ትሸከማላችሁ። የሾፌሩ በር ስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከተጻፈው በታች አትውረዱ። ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ያለበትን የክረምት ጎማም ተዉት። ለብርድ አገር የተሠራ ለስላሳ ላስቲክ ነው፤ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል።

«አዲስ ጎማ በዚህ ዋጋ?» የሚለው ጥያቄ እውነት ነው፤ እኔም ኪሴን አውቀዋለሁ። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ስሙ ከገነነ ያረጀ የስፖርት ጎማ፣ በመኪናው ትክክለኛ መጠን የተገዛ ተራ አዲስ ጎማ ይበልጣል። አራቱን መግዛት ካቃታችሁ ሁለት ገዝታችሁ ከኋላ እሰሩ፤ ኋላዋ የከዳች መኪና በመሪ አትመለስም።

እኛ የቆሼ ሰፈር ሰዎች የተጣለ ዕቃ ሁለተኛ ሕይወት እንዳለው ከማንም በላይ እናውቃለን። እዚሁ ጎረቤታችን ዘነበወርቅ፣ ቤተልሔም ጥላሁን የመሠረተችው ሶልሬብልስ ከአሮጌ ጎማ የጫማ ሶል ሠርቶ ለዓለም ሸጧል። በረባሶም ያው ነው። የአሮጌ ጎማ ሁለተኛ ሕይወት እግር ሥር ያምራል፤ ሁለት ቶን መኪና ሥር ግን አደጋ ነው። በቀለበት መንገዱ አጥር ዘሎ የሚሻገረው ልጅ የእናንተን ጎማ ዕድሜ አያውቅም። በርካሽ የገዛነውን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው።

ልጁ አልገዛም። ሁለት አዲስ፣ ተራ ጎማ ገዛና «አያምርም» እያለ አኩርፎ ሄደ። ያኩርፍ! ማኩረፍ ይሻላል።

እስቲ አሁን ውጡና የመኪናችሁን ጎማ አራት አሃዞች አንብቡ። ስንት ይላል? ከታች ጻፉልኝ፤ በእኛ አቆጣጠር አብረን እናስላው።