ያሰብነው ሳይሆን ሲቀር



ምርጫ ባለፈ ማግስት በየሰፈሩ የሚታየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምርጫው የአገርም ይሁን የዕድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ፣ ያሰበው የተመረጠለት ፊቱ ፈክቶ ሲውል፣ ያልተመረጠለት አንገቱን ደፍቶ ይገባል። «ድሮም ለውጥ የለውም!»፣ «ሁለተኛ ስብሰባ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ!» ይባላል። ይባስ ብሎ ትናንት ቡና ይጠራሩ የነበሩ ጎረቤታሞች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ማዘኑስ ያለ ነው፤ ሰው ለደከመበት ነገር ካላዘነ ለምን ያዝናል? ሆኖም ሐዘኑ በር ዘግተን እንድንቀመጥ ካደረገን፣ በድምፅ ብልጫ ካጣነው ይልቅ በገዛ እጃችን የምንጥለው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ለዚህ አስረጂ የሚሆን የስዊትዘርላንድ ታሪክ አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህች አገር ሕዝቡ ራሱ በየጉዳዩ ድምፅ በመስጠት የሚወስንባት ናት። ነገር ግን እስከ 1971 ድረስ በአገር አቀፍ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጠው ወንዱ ብቻ ነበር። ይህ ለእኛ ሳያስገርም አይቀርም፤ በአገራችን በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የፓርላማ አባል ሆነው ተመርጠው ነበርና። እኒህ ሴት በወጣትነታቸው የተማሩት ደግሞ በዚያችው በስዊትዘርላንድ ነው። እሳቸው ፓርላማ ሲገቡ፣ የተማሩበት አገር ሴቶች ገና የምርጫ ሣጥን ደጃፍ አልደረሱም።

የካቲት 1 ቀን 1959 ላይ ጉዳዩ ለውሳኔ ቀረበ። ወንዶቹ ወጥተው ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ 66.9 «አይሆንም»፣ ከመቶ 33.1 «ይሁን» አሉ። እስቲ አስቡት! ጉዳዩ የሴቶች ሆኖ ሳለ ከተቆጠረው ድምፅ ውስጥ አንድም የሴት ድምፅ አልነበረበትም። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚያስቆርጥ ውጤት ከየት ይመጣል?

ሴቶቹ ግን ቤታቸው ገብተው አልቀሩም። ውጤቱ በተሰማ በሁለተኛው ቀን በባዝል ከተማ የአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህራት ሥራ አቁመው ተቃውሟቸውን ገለጹ። በዙሪክም በየዓመቱ የካቲት 1 ቀን ሴቶች ችቦ አብርተው በአደባባይ ይሰለፉ ጀመር፤ የተሸነፉበትን ቀን ማስታወሻ አደረጉት ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀረበውን በር አንኳኩ። ስዊትዘርላንድ ካንቶን በሚባሉ፣ የራሳቸው አስተዳደር ባላቸው ክፍሎች የተከፈለች ናት። ያ ድምፅ በአገር ደረጃ በወደቀበት በዚያው ቀን፣ ቮ የተባለው ካንቶን በራሱ ጉዳይ ሴቶች እንዲመርጡ ፈቅዶ ነበር። በዚያው ዓመት ኑሻቴል፣ በ1960 ጄኔቭ፣ በ1966 የባዝል ከተማ ተከተሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በትልቁ ያልተገኘው በትንሽ በትንሹ ተሰበሰበ። መጋቢት 1 ቀን 1969 ወደ 5,000 የሚሆን ሰው በዋና ከተማይቱ በበርን ተሰልፎ መብቱ ሳይውል ሳያድር እንዲሰጥ ጠየቀ። የካቲት 7 ቀን 1971 እንደገና ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ 65.7 «ይሁን» አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በተደረገው ምርጫም 200 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት 10 ሴቶች ገቡ።

እንግዲህ ልብ እንበል። በ1971 ድምፅ የሰጡት አሁንም ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶቹ ሊያሸንፉ የቻሉት ትናንት «አይሆንም» ያላቸውን ሰው ዛሬ «ይሁን» በማሰኘት ነው። ያ ሰው ደግሞ ባል፣ አባት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ነበር፤ በአንድ ማዕድ አብሯቸው የሚበላ። አኩርፈውት ቢቀሩ ኖሮ ማን ይመርጥላቸው ነበር?

ሽንፈት ሁሉ በ12 ዓመት ይካሳል ማለቴ አይደለም። በ1959 ያረጁ ብዙ እናቶች ቀኑን ሳያዩ አልፈዋል። አፐንዜል በተባለ ትንሽ ካንቶንም ወንዶቹ እስከ 1990 እንቢ ብለው፣ በመጨረሻ የፈረደባቸው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። መታገሥ ማለትም ዝም ማለት አይደለም፤ ድምፄ በትክክል አልተቆጠረም የሚል ቃለ ጉባኤው ይነበብልኝ፣ ቆጠራው ይታይልኝ ማለት መብቱ ነው።

በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ያሰባችሁት ሰው ባይመረጥም ከሚቀጥለው ስብሰባ አትቅሩ። የተመረጠውን ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ጠይቁ፤ ሲሠራ አግዙት፣ ሲያጠፋ በጉባኤ ፊት ንገሩት። ከትልቁ ጉዳይ በፊት የቀረበውን ያዙ፤ የተደፈነ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለማስጠረግ የማንንም ምርጫ ማሸነፍ አያስፈልግም። በሌላ ወገን የቆመውንም ጎረቤት ቡና ጥሩትና ለምን እንደዚያ እንደመረጠ ጠይቁት፤ ሳታቋርጡም ስሙት። ነገ ድንኳን ስንተክል አንዱን ካስማ እኛ፣ ሌላውን እሱ ነው የሚይዘው።

እናንተም ያሸነፋችሁ፣ ከሦስት አንዱ «አይሆንም» ብሎ ከሆነ ያ አንዱ የሰፈሩ ሰው መሆኑን አትርሱ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ በሰላም ያገናኘን።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ