ቁልቁለቱ ላይ ሱብሃነላህ፣ ዳገቱ ላይ አላሁ አክበር



ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና የሄደ ያውቀዋል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ስለሚነሳ ሱብሂ መንገድ ላይ ይገባል። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ እንዲሁ ስጓዝ፣ ኤርፎን ሰክቼ ደርስ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። የደርሱን ርዕስ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ ኹሹዕ በሶላት ውስጥ! ጫንጮ አካባቢ አንድ አባት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ልጄ፣ ሱብሂ እንዳያልፍህ። ሹፌሩ አምስት ደቂቃ ሰጥቶናል።" አራት ሆነን ወረድን። አንድ ሃይላንድ ውሃ ተካፍለን ውዱእ አደረግን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ሰገድን።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሳቸው ላይ አልተነሳም። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደጋው ብርድ ይቀርና ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ጆሮ ይደፈናል። አብዛኛው ተሳፋሪ ስልኩን መስኮቱ ላይ ደቅኖ ቪዲዮ ይቀርጻል። እሳቸው "ሱብሃነላህ" ይላሉ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ደግሞ ዚክራቸው ተቀየረ፤ "አላሁ አክበር" ሆነ። ጠየቅኳቸው። "ሶሃቦች ከረሱል ጋር ሲጓዙ እንዲህ ነበሩ" አሉኝና መስኮቱን ማየታቸውን ቀጠሉ። ቤት ገብቼ ስፈልግ ቡኻሪ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገበው ሐዲስ ሆኖ አገኘሁት፦ ሲወጡ ተክቢራ፣ ሲወርዱ ተስቢህ።

እስኪ አስቡት። ይህን ሱና ለመፈጸም መጀመሪያ መንገዱ እየወጣ ይሁን እየወረደ ማወቅ አለብህ። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ይህን አያውቅም። ሱናው ራሱ ቀና ብለህ ተመልከት ይልሃል። ሱረቱል ጋሺያህ ከ17ኛው እስከ 20ኛው አንቀጽ ድረስ እንድንመለከት የሚያሳስበን ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራን፣ ምድርን ነው። ሁሉም መንገደኛ የሚያያቸው ናቸው።

"ቁርኣን እያዳመጥኩ ብጓዝስ ምን ችግር አለው?" የሚል ወንድም ይኖራል። ችግር የለውም፣ የምታዳምጥ ከሆነ። ግን ብዙዎቻችን የምንከፍተው የጎረቤት ወንበር ወሬ እንዳይሰማን፣ ወይም እንቅልፍ እንዲወስደን ነው። ሱረቱል አዕራፍ 204ኛው አንቀጽ ላይ ቁርኣን ሲነበብ ጸጥ ብለን እንድናዳምጥ ታዘናል። ቁርኣንን የእንቅልፍ ማስታገሻ ማድረግ ለእኔ አይዋጥልኝም። ከመኪናው ወርዶ ሶላት ያመለጠው ሰው "ደርስ እያዳመጥኩ ነበር" ቢል ደግሞ... እኔው ነኝ፣ ልተወው።

ሸሪዓው የመንገደኛን ድካም አይቶ ባለ አራት ረከዓውን ወደ ሁለት አሳጥሮለታል። የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት እንዳለውም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አስር ሰዓት ሙሉ ዱዓህ ተቀባይ የሚሆንበት ወንበር ላይ ተቀምጠህ አንዴ እንኳ ለእናትህ ሳትለምን ትወርዳለህ? ዛሬ ብዙ ሰው በስጋት መንገዱን ትቶ በአውሮፕላን ሲሄድ ሳይ፣ ያኔ በነጻነት ያለፍኩትንና ያላየሁትን አገር አስባለሁ። አላህ ሰላሙን ይመልስልን።

ሌላም የማናየው አለ። ባሕር ዳር የደረሰ ወጣት ሁሉ ጣና ዳር ፎቶ ይነሳል፤ ከኋላው የደንገል ታንኳ ይታያል። ታንኳውን በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። ከሐይቁ ዳር ሲኖሩ ዘመናት አልፈዋል። ጉማሬ ይበሉ ነበር እየተባለ እኛው ሙስሊሞች ጭምር ለረጅም ጊዜ አርቀናቸዋል። ታንኳው ፎቶው ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው ግን ሰላምታ እንኳ አያገኝም። እንዲህ ያለውን ጉዞ ዚያራ ለማለት አልደፍርም። አሰላሙ ዓለይኩም ለማለት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቁጭ ብሎ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር መጠየቅ፣ እንቦጩ ሥራቸውን ምን እንዳደረገው መስማት ይቻላል።

ከባሕር ዳር ሲታይ መካ ወደ ሰሜን ናት፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። ጣናም ከከተማው በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል። ያን ቀን የደረስነው ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከአባታችን ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን፣ እሳቸው ኢማም ሆኑ፣ እኔ በቀኛቸው ቆምኩ። አንድ ታንኳ ወደ ዳር እየቀዘፈ ይመጣ ነበር። ስናሰላምት ባለታንኳው ከኋላችን ሰግዶ አገኘነው።