የመጀመሪያዋ መኪና በሐረጎ መንገድ

መንጃ ፈቃዱን ገና በእጁ የያዘ የኮምቦልቻ ወጣት መኪና ልግዛ ሲል ከአጎቱም ከጓደኛውም ከደላላውም የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ ስትሸጣት የማትከስርባትን ግዛ። እኔ ይህ ምክር ለመጀመሪያ ገዢ አይሆንም ባይ ነኝ። በተለይ ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚመላለስ ሰው፣ የመጀመሪያ መኪና መመዘኛዋ የዕለት ወጪዋና ፍሬኗ እንጂ የነገ መሸጫ ዋጋዋ መሆን የለበትም።

ምክሩ ከሜዳ አልመጣም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። እነዚህ ተደራርበው አገር ውስጥ የነበረችው ቪትዝና ኮሮላ እያረጀችም ዋጋዋ ጨመረ። ገንዘቡን ባንክ ካስቀመጠው ይልቅ መኪና የገዛው ተጠቀመ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን መኪናን እንደ ጥሪት የሚያይ ሰው ዕቁቡንም፣ ብድሩንም፣ የቤተሰቡንም እርዳታ አሟጦ አቅሙ እስከ ጫፍ የሚፈቅድለትን ይገዛል። በማግስቱ ጎማው የተላጨ መሆኑን ሲያይ መቀየሪያ የለውም። «እስኪ ለጊዜው» እያለ ይነዳታል። የኔ ስጋት እዚህ ላይ ነው።

እስኪ ነዳጁን እናስላው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 50። ዳገቱን አስበን አነስተኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትበላለች ብንል በቀን 4 ሊትር ይሆናል። ሐምሌ 2014 ላይ የአዲስ አበባው የቤንዚን ዋጋ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ግን 100 ብርን አለፈ። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ለ22 የሥራ ቀን 8,800 ብር ነው። በዲግሪ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ጭማሪ በኋላ የሚያገኘው ግብር ሳይነሳለት 11,500 ብር ነው። እንግዲህ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ነዳጁን ከባልደረቦቹ ጋር ካልተጋራ በቀር የየዕለቱ ምልልስ አይታሰብም። ይህንን ከግዢው በፊት መቀበል ይሻላል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አራት ሰው የጫነች ባለ 1,000 ሲሲ መኪና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ብታዘግም ምንም አይደል፤ አደጋው መውረዱ ላይ ነው። ጀማሪ ሹፌር እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ ይወርዳል። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መያዙ ይደክማል። የፍሬን ዘይቱ ለዓመታት ካልተቀየረ ውሃ ስለሚስብ ቶሎ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ሲረገጥ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። የቆዩ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ለዚህ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድበት መንገዱ የበለጠ ይጨንቃል።

ስለዚህ ሻጩ መኪናዋን በኮምቦልቻ ሜዳ ሊያሳይህ ሲል ሐረጎ እንውጣ በለው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሳይነሳ ጠዋት ድረስ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ይበላል፤ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዳገቱ ላይ ሙቀቱን ተመልከት፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተሳበች ፍሪሲዮኗ አልቋል። ስትወርድ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን ይጎትት እንደሆነ እጅህ መሪው ላይ ይነግርሃል። መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ግን የሻጩን መካኒክ አይደለም።

የትኛዋን? ካለህ ገንዘብ ሩብ ያህሉን ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለባትሪና ለኢንሹራንስ አስቀርተህ በቀረው የምትገዛትን። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ የሚመረጡት መካኒኩም መለዋወጫውም እዚሁ ስለሚገኝ ነው። አሮጌዋ ዲኤክስ እንኳ ቦዲዋ ካልበሰበሰና ፍሬኗ ከታደሰ፣ ሞዴሏ አዲስ ሆኖ አያያዟ ከተበላሸ ትሻላለች። ኪሎ ሜትሩን አትመን፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፔዳሉን ጎማና የመሪውን መላጨት እይ። ወረቀቱንም ቸል አትበል፦ የቻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፣ ቀረጡ የተከፈለ መሆኑ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ይጣራ። በውክልና ብቻ ተረክቦ ስሙን ሳያዞሩ መንዳት ቆይቶ የሚመጣ ጣጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ የራስህን መኪና ጉዳት ግን አይከፍልም።

የኤሌክትሪክ መኪና የቆየውን ምክር ከነጭራሹ ይንደዋል። ባትሪ በዕድሜ ይደክማል፤ በየዓመቱ የሚሻል ሞዴል ሲመጣ የቀደመው ይረክሳል። ስለዚህ «አልከስርም» ብሎ የሚገዛት ይሳሳታል፤ ለመንዳት የሚገዛት ግን ሐረጎ ላይ ያተርፋል። ሞተሯ በስስ አየር አይደክምም። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ታወጣለች፤ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ከዚያ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል፣ ፍሬኑም አይግልም። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ውስጥ ለሚኖርና ምልልሱ ከሁለቱ ከተሞች ለማይወጣ ሰው ከሁሉም የምትሻለው እሷ ትመስለኛለች። ጊቢው ውስጥ ለአምስት ተከራይ አንድ ቆጣሪ ላለው፣ ወይም 375 ኪሎ ሜትሩን በጣርማ በር አድርጎ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን ገና ናት። የገዛትም ሰው ደሴ አድሮ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ አይነሳ፤ የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል ስለማይቀበል ያ ሁሉ መያዝ ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።