«ጎበዝ፣ በርታ» አስተያየት አይደለም

ዛሬ ስለ መኪና ፎቶ ልጽፍ ነው። «ቲቸር ደግሞ ባጃጅ እንኳን የለው፣ ስለ መኪና ምን አገባው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ የለኝም። ግን አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ እዚሁ በአደባባይ ልናገረው ብዬ ነው።

እዚሁ ጊዳ አያና ላቫጆ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ስሙን አልጠራም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት አንዱ ነው። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እሱ ከቀሩት ውስጥ ነው። ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መኪና ያጥባል፣ ያጠበውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ባለቤቱ ሊሸጠው ከሆነ ደላላው ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፣ ለልጁም ትንሽ ብር ይሰጠዋል። ዛሬ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶውን ነው። ነቀምቴ ወይ አዲስ አበባ የተቀመጠ ገዢ ፎቶው ካልጣመው እዚህ ድረስ አይመጣም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአንድ ጥቁር ፒክአፕ ፎቶ ገጹ ላይ ለጠፈና «እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ሰው የሳቅ ምልክት አደረገበት። ሌላው «አሪፍ»፣ «ዋው» ምናምን አለ። እኔም ከሁለት ሰከንድ በላይ ሳላየው «ጎበዝ፣ በርታ!» ብዬ ጻፍኩና ወደ ምሳዬ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት።

«ፎቶውን አጠፋኸው እንዴ?» አልኩት።

«አዎ ቲቸር። የሳቁትስ ይሳቁ። እርስዎ ጎበዝ ሲሉኝ ጊዜ አምኜ ያንኑ ለደላላው ላክሁት። ገዢው ግን በሩ የተጋጨ ነው ብሎ ሳይመጣ ቀረ። ባለቤቱም ተናደደ። ደላላው አሁን ሌላ ልጅ ነው የሚያሠራው።»

በሩ ምንም አልሆነም። ስልኩ ላይ የቀረውን ፎቶ ተቀብዬ ደግሜ አየሁት። ፒክአፑ የቆመው ከቆርቆሮ አጥር ፊት ለፊት ነው። የቆርቆሮው ጎድጓዳ መስመር የታጠበው ጥቁር በር ላይ ወለል ብሎ ይታያል፤ ላየው ሰው የተጨረማመተ ላሜራ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ የልጁ ቢጫ ቲሸርት ራሱ በሩ ላይ አለ።

እኔ እኮ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ! ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ እንደሚመለስ ለዚሁ ልጅ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬዋለሁ። የታጠበ ጥቁር መኪና ጎማ ያለው መስታወት ማለት ነው። ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይሄ ነው። «ጎበዝ» የምንለው ስለምንወደው ብቻ አይደለም። ይሉኝታ አለ፣ ከዚያም በላይ ድካም መቀነስ ነው። ማሾፍም ያው ነው። ሁለቱም ሥራውን በደንብ ከማየት ያድኑናል። የተማሪ ፈተና ላይ ኤክስ ብቻ አድርጎ መመለስ፣ ወይም ሳያነቡ ራይት ማድረግ እንደማለት ነው። ልጁ የት ላይ እንደሳተ በሁለቱም አያውቅም።

«እኔ የፎቶ ባለሙያ አይደለሁማ» ትሉ ይሆናል። መሆን አያስፈልግም! ያን ቀን ከመካከላችን አንድ ሰው «በሩ የተጋጨ መሰለኝ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ በቂ ነበር። ምክንያቱን ራሱ ያገኘው ነበር። ዓይናችሁ ያየውን መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። «ይከፋዋል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ለአንድ ማታ ሊከፋው ይችላል። ሥራው ሲቀርበት ግን ከዚያ በላይ ነው የከፋው።

ባለሙያዎቹም ያለዚህ አያድጉም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 በመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ዘርግተው ከልምድ አዋቂዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያስገመግሙበት ጊዜ ነበር። ትልልቆቹ ሌላ ዓይን ከፈለጉ የላቫጆ ልጅማ እንዴት አይፈልግ?

ጥፋቴን ለማካካስ በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ አብሬው ወጣሁ። ፎቶ ማንሳት አልችልም፤ ያየሁትን ብቻ ነበር የምነግረው። እሱ ይሞክራል፣ አብረን እናያለን፣ ደግሞ ይሞክራል። ያገኘነውን ለሚጠቅመው ልጻፍ፦

አንደኛ፣ ከመኪናው በፊት ከመኪናው ፊት ለፊት ያለውን እዩ። ቆርቆሮ ወይ ሰው ካለ በሩ ላይ ይወጣል። ሜዳ ወደሚታይበት ማዞር፣ ካልሆነም ነጸብራቁ ከበሩ እስኪወጣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። በስድስት ሰዓት ጣሪያው ይነጣል፣ ጎማው ይጨልማል። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ደመና ያለበት የክረምት ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ አትጠጉ። በስልክ ተጠግተው ሲያነሱ የመኪናው አፍንጫ ያብጣል። ስድስት ሰባት እርምጃ ወደኋላ ብሎ ሁለት እጥፍ ዙም ማድረግ ይሻላል።

አራተኛ፣ ሸብረክ በሉ። ስልኩ በመብራቱ ቁመት ልክ ሲሆን መኪናው ግርማ ያገኛል። ከፊትና ከጎን አጣምራችሁ የምታነሱ ከሆነ መሪውን ካሜራው ካለበት በተቃራኒ ብታዞሩት ቸርኬው ፊቱን ያሳያል።

አምስተኛ፣ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ! ሙሉ ቀን ሳሙናና ግሪስ በነካ እጅ የተያዘ ስልክ ነው። ይሄን ያገኘው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ደላላው ተመልሷል ወይ? አልተመለሰም። ሁለት ባለ መኪናዎች ግን በቀጥታ ጠርተውታል። አሁንም ፎቶው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ነግሬዋለሁ፣ እየሠራበት ነው።

እሱንም አንድ ነገር መክሬዋለሁ፣ ሥራችሁን የምትለጥፉ ሁሉ ስሙ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አሪፍ» ነው። «ይህን መኪና ልትገዙ ብትሆኑ ምኑ ያጠራጥራችኋል?» በሉ። ያኔ ሰው ቆም ብሎ ያያል።

እሁድ አዲስ ፎቶ ይለጥፋል፣ እኔም እዚህ ሼር አደርገዋለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ጥሩ የሆነውን አንድ ነገር፣ ዓይናችሁን የረበሸውን አንድ ነገር፣ ከተቻለ ደግሞ እንዴት እንደሚስተካከል። ስድብ የለም። «ጎበዝ፣ በርታ» ብቻ ብሎ መሄድም የለም፤ እኔ ራሴ አጠፋዋለሁ!

በሉ ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ከዚህ ጽሑፍ ብትጀምሩም ደስ ይለኛል፤ የቱ ጋ አሰለቸኋችሁ?