«ከየት መጡ?» የሚባሉት የጣና ዳር ሰዎች

ወረታ ላይ ስለ ወይጦዎች ጥያቄ ያቀረብኩለት ሰው ሁሉ መልሱን የሚጀምረው ከሩቅ ነው። «እነሱ እኮ መጤ ናቸው፤ ዓባይን ተከትለው ከግብፅ ነው የመጡት ይባላል» ይላል። ቀጥሎ ጉማሬ ይበሉ እንደነበር ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ያልቃል። ስለ አንድ ሕዝብ ሊታወቅ የሚገባው ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጠናቀቀ ማለት ነው!

(ወይጦ ስል በደቡብ ኦሞ በኩል ያለውን ወንዝ የሚያስብ አንባቢ እንዳይኖር አደራ። የምናገረው ደንገል አጭደው ታንኳ ስለሚሠሩት፣ በባሕር ዳር፣ በፎገራና በደምቢያ ጣናን ዙሪያውን ስለሚኖሩት ሰዎች ነው። ብዙዎቹ «ነገደ» ወይም «ነገደ ወይጦ» መባልን ይመርጣሉ፤ ባዶው ስም በጎረቤት አፍ ስድብ ሆኖ ኖሯልና።)

ለመሆኑ በፎገራ ሜዳ ላይ መጤ ያልሆነ ማን ነው? ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው የሚተኙበት ይህ ሜዳ ዛሬ የሚታወቀው በሩዙ ነው። ሩዙን በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አስተዋወቁት፤ ዛሬ የፎገራ ሩዝ ይባላል። የት ተወለድህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ተሠርቶለታል። እሰየው። ታዲያ ሩዝ በአንድ ሰው ዕድሜ ባላገር ለመሆን ሲበቃ፣ ቢያንስ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ እዚሁ ሐይቅ ዳር ለተገኘ ሕዝብ ስንት መቶ ዓመት ይበቃዋል?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ጎንደር በነበረበት ጊዜ ወይጦዎች በአገሩ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ሰምቶ፣ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስጠራ። ሰዎቹ ለጥያቄው አንድም መልስ አልሰጡም፤ እንሰቅላችኋለን ተብለው ሲያስፈራሯቸውም አልተናገሩም። ብሩስ ስለዚያ ቋንቋ ሊያውቅ የቻለው ይህን ያህል ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ የሁለቱ ሰዎች ዝምታ አይደለም። ከደንገል ውስጥ ተጠርቶ፣ ቤተ መንግሥት ገብቶ፣ የገመድ ወሬ እየሰማ ስለ ሰዋስው የሚያብራራ ሰው የት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ዘግይተው ነበር። ጀርመናዊው ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ፈረንሳዊው ግሪዮል በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ማርሴል ኮኸን በ1939 የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፤ ወይጦዎች የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ በውስጡ ግን የራሳቸው የሆኑ ጥቂት ቃላት ቀርተዋል። ከቀሩትም መካከል የዓሣና የጉማሬ ነገር የሆኑ ይገኛሉ። የጠፋው ቋንቋ ኩሻዊ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምሥራቅ ሱዳናዊ ነው የሚሉም አሉ።

እንግዲህ ወደ ጸቤ ልግባ። «ቋንቋ የሌለው ምን ማንነት አለው? ወይጦ እኮ የዓሣ አስጋሪ ስም እንጂ የሕዝብ ስም አይደለም» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ገጥመውኛል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም የጋራ ቋንቋንና የተያያዘ መልክዐ ምድርን ከመመዘኛዎቹ ውስጥ አስገብቷል። ወይጦዎች በሁለቱም ይወድቃሉ፤ ቋንቋቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ሆኗል፣ መንደሮቻቸውም በሐይቁ ዙሪያ ተበታትነዋል። በዚያው ዓመት በጥቅምት የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 1,631 ወይጦዎች አሉ አለ። ስሙ ስድብ ሆኖበት ያደገ ሰው ደጁ ለቆመ ቆጣሪ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ እንዲያስመዘግብ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ቋንቋው ቢሄድም አጥሩ አልፈረሰም፤ ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ወይጦዎች እስላም ነን ይላሉ፤ የቀሩት እስላሞች ግን በጉማሬው ምክንያት እንደ ወገን ሳይቆጥሯቸው ኖረዋል። ክርስቲያኑም አብሯቸው በገበታ አልቀረበም። የጉማሬው አደን ከቀረ ትውልድ አልፎታል፣ ንቀቱ ግን አለ። አንድን ሕዝብ ለማዕድና ለጋብቻ ሲሆን «ልዩ ነህ» እያሉ፣ መብት ሲጠይቅ «እንደኛው ነህ» ማለት አንድ ላይ አይሄድም። የተማሩት ወዳጆቼ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ምፌንጉ የሚባል ሕዝብ አለ። ሁሉቢ፣ በሄሌ፣ ዚዚ ከሚባሉና በዙሉ መነሣት ዘመን ከተበተኑ ነገዶች ተሰባስቦ ኮሳዎች መካከል የገባ ነው። ስሙ መጠለያና ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት እንደማለት ነው፤ የወጣለትም ከተጠጋበት ደጅ ነው። ቋንቋው ኮሳ ሆነ። ግንቦት 14 ቀን 1835 እ.ኤ.አ. ፔዲ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር ለእንግሊዝ መንግሥት ታማኝ ሊሆን፣ ክርስትናን ሊቀበል፣ ልጆቹን ሊያስተምር ማለ፤ ከ1908 ጀምሮም ዕለቱን በየዓመቱ ማክበር ያዘ። ይህ ወዳጅነት ከኮሳዎች ጋር ደም አቃብቶታል፤ አላወድሰውም። ነገር ግን ቋንቋ ሳይለይ፣ ስሙም ሰው ያወጣለት ሆኖ ሳለ፣ ሕዝብ ሕዝብ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

«አገሪቱ በዘር ቆስላ ሳለ አንተ ሌላ ቁስል ትጨምራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ዞን ይከለልላቸው፣ ባንዲራ ይሰፋላቸው አላልኩም። ስለ ደንገል ነው የማወራው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሌላ መሥራት ያስፈልጋል፣ ለዚያም ደንገሉ ቅርብ መሆን አለበት። ያ ደንገል ለሩዝ ተመንጥሯል፣ ለግጦሽ ተለቋል፤ በ1988 የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ከያዘ ወዲህ የዳርቻው ውኃ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከ2004 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ መጣ። ገበሬ መሬቱ ሲነካ በማሳው ልክ ይከራከራል። በደንገል የሚኖር ሰው ግን የሚያሳየው ወሰን፣ የሚያቀርበው ደብተር የለውም። መጤ መባሉ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ የመጣ ሰው ነገ ይሄዳል ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አያማክረውም።

ስለዚህ ሐይቁን ለማዳን፣ ሜዳውን ለማልማት የሚሰበሰብ ሁሉ፣ ወረታም ይሁን ባሕር ዳር፣ ታንኳ ሠሪውን በስሙ ይጥራው፤ ስሙንም ራሱ ይንገረው። ኮኸንና ግሪዮል ለቅመው የወሰዷቸውን የዓሣና የጉማሬ ቃላትም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ወደ አማርኛ መልሰው፣ አዛውንቶቹ ሳያልፉ፣ ጣና ዳር ይዘዋቸው ይውረዱና ያንብቡላቸው። ምናልባት የሚያርም ሰው ይገኝ ይሆናል።