ነጥብ ቆጥረን ብቻ አንፍረድ



በመቐለም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ቅርጫት ኳስ በሚወዱ ወጣቶች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ጎበዝ ልጆች ካሉ «ነገ ትልቅ አስቆጣሪ የሚሆነው የትኛው ነው?» ይባላል። መልሱም ወዲያው ይመጣል፦ «ዛሬ ብዙ ያስቆጠረው ነዋ!» እኛ ግን ይህ ፍርድ ችኮላ አለበት እንላለን።

አንድ የታወቀ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011/12 የኤንቢኤ ውድድር ኬቨን ዱራንት እና ጄምስ ሃርደን በኦክላሆማ ሲቲ አብረው ይጫወቱ ነበር። ዱራንት 23፣ ሃርደን 22 ዓመታቸው ነው። ዱራንት በጨዋታ በአማካይ 28 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ የሚገባው ሃርደን 17 ገደማ ነበረው። በነጥብ ብቻ ካየነው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ነገር ግን ዱራንት በየጨዋታው 20 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫቱ ይሞክራል፤ ሃርደን ግን 10 ጊዜ ያህል ብቻ። በሙከራው ግማሽ ከነጥቡ ግማሽ በላይ አመጣ ማለት ነው። ብዙ የቅጣት ውርወራ ማግኘቱም ረድቶታል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ወደ ሂውስተን ተሸጠ። እዚያ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አማካዩ ወደ 26 ገደማ ደረሰ። ከ2018 እስከ 2020 ደግሞ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የሊጉ ከፍተኛ አስቆጣሪ ሆነ። ችሎታው ቀድሞም ነበር፤ የጎደለው ደቂቃና ኳስ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በጥቂት ደቂቃ ጥሩ የሠራ ሁሉ ሃርደን አይሆንም። የደከመ ተጋጣሚ ላይ ገብቶ ማስቆጠር ይቀላል። ለዚህም ነው ልጁ ጨዋታው ገና ሲጀመር፣ ጠንካራ ተከላካይ ፊት መፈተን ያለበት።

ይህ ነገር ለመቐለ ልጆች ይበልጥ ይመለከታል። ከኮሮና ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ከ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም ብዙ ግቢዎች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ቆይተዋል። የትምህርት ቤት ግቢ ሲዘጋ ሜዳውም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ዛሬ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት እኩዮች የልምምድ ዕድሜያቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ወደኋላ የቀረው ልጅ ችሎታ ያነሰው ሳይሆን ጊዜ የተነፈገው ሊሆን ይችላል።

ለአሰልጣኞችና ለቡድን አለቆች የምንለው ቀላል ነው። ደብተር ያዙ። የእያንዳንዱን ልጅ ደቂቃ፣ ሙከራ፣ የገባለትንና የቅጣት ውርወራውን መዝግቡ። በ30 ደቂቃ 15 ነጥብ ያመጣና በ10 ደቂቃ 6 ያመጣ ቢኖሩ፣ ለሁለተኛው ደቂቃ ጨምሩለትና እዩት። ለሴት ልጆች ቡድንም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ እንከራከር፤ ያኔ ክርክራችን ፍሬ ይኖረዋል።