ብቻን ሮጦ መቅደም

በትምህርት ቤታችሁ የስፖርት ቀን አምስት ተማሪዎች ለሩጫ ተሰልፈዋል እንበል። ፊሽካው ሊነፋ ጥቂት ሲቀረው ከአምስቱ አንዱ የውድድሩን ደንብ ይዞ ወደ ዳኛው ይቀርባል። አንደኛው ተወዳዳሪ ደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥር በትክክል አልተጻፈም፤ ሁለተኛው በመዝገብ የሰፈረው በሌላ ክፍል ስም ነው፤ ሦስተኛው የሞላው ቅጽ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ አራተኛውም እንዲሁ ጉድለት አለበት ሲል ያመለክታል። ዳኛው ደንቡን ገልጦ ቢመለከት ተማሪው ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘዋል። አራቱ ከመስመር ይወጣሉ። አምስተኛው ብቻውን ሮጦ ክሩን ይበጥሳል፤ ሽልማቱንም ይቀበላል።

ይህን ተማሪ ምን ትሉታላችሁ? ደንብ አክባሪ ነው ወይስ ውድድር ፈሪ? መልሳችሁን ለጊዜው ያዙት። ይህን የሚመስል ነገር በእውነት ተደርጓልና አስቀድሜ እርሱን ላውጋችሁ። የተደረገውም በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ በቺካጎ ከተማ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1996 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። ብቻቸውን የሮጡት ሰው በ2008 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ባራክ ኦባማ ነበሩ።

ነገሩን ለመረዳት የአሜሪካን ምርጫ አንድ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር አንድ ፓርቲ ዕጩውን የሚመርጠው በራሱ አባላትና መሪዎች ነው። በአሜሪካ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፓርቲውን ዕጩ የሚለየው ሕዝቡ ነው። ከዋናው ምርጫ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ይደረግና የአንድ ፓርቲ ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው ይፎካከራሉ፤ ያሸነፈው የፓርቲውን ስም ይዞ ወደ ዋናው ምርጫ ያልፋል። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ በአንዳንድ ቦታ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። አንድ ፓርቲ እጅግ በገነነበት የምርጫ ክልል ግን ቁርጡ የሚታወቀው በዚያ ነው። የኢሊኖይ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት 13ኛ የምርጫ ክልል እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ሃይድ ፓርክን፣ ሳውዝ ሾርንና ሌሎችንም የደቡብ ቺካጎ ሰፈሮች የሚያቅፍ ሲሆን፣ መራጩ በብዛት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊ ነው። ስለዚህ በመጋቢት ወር የዴሞክራቶችን የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ያሸነፈ ሰው ኅዳር ሲደርስ ወንበሩን እንደሚይዝ አያጠራጥርም ነበር።

ወንበሩ ከ1991 ጀምሮ የአሊስ ፓልመር ነበር። ፓልመር የተማሩና በሕዝቡ ዘንድ የተከበሩ ሴት ነበሩ። በ1995 የአካባቢው የኮንግሬስ አባል የነበሩት ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተፈርዶባቸው ሥልጣናቸውን ሲለቁ፣ ፓልመር ያንን ከፍ ያለ ወንበር ለመያዝ ተነሡ። የሕግ መወሰኛ ወንበራቸውም ክፍት የሚሆን መሰለ። ኦባማ የዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ናቸው፤ የሕግ ባለሙያና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በመስከረም 1995 ለዚህ ወንበር እንደሚወዳደሩ በይፋ ሲያስታውቁ ፓልመር በስብሰባው ተገኝተው ለተሰብሳቢው አስተዋውቀዋቸዋል።

በኅዳር 28 ቀን ነገሩ ተገለበጠ። ለኮንግሬሱ ወንበር በተደረገው የዴሞክራቶች ልዩ ምርጫ ጄሲ ጃክሰን ልጅየው ሲያሸንፉ፣ ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። ደጋፊዎቻቸውም የቀድሞው ወንበራቸው እንዳያመልጣቸው ሰጉና ወደ ኦባማ ሄደው፣ ገና ወጣት ስለሆኑ ለታላቃቸው ቦታውን እንዲለቁ ጠየቋቸው። ኦባማ አሻፈረኝ አሉ። ፓልመርም ዕጩ ለመሆን የሚያስፈልገውን የድጋፍ ፊርማ በጥድፊያ አሰባስበው፣ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን በሆነው በታኅሣሥ 18 አስገቡ። ከኦባማና ከፓልመር ሌላ ሦስት ተወዳዳሪዎች ፊርማ አስገብተው ነበር።

ሕጉ በዚያን ጊዜ ይጠይቅ የነበረው የ757 መራጮችን ፊርማ ነው። ኦባማ ከ3,000 በላይ አስገብተዋል። ፓልመር 1,580 ያህል፣ ከሦስቱ ሁለቱም ከሚፈለገው በብዙ መቶ የበለጠ ፊርማ ነበራቸው። ቍጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም አልፈዋል ይላል። የኦባማ ረዳቶች ግን ወደ ምርጫ ቦርዱ ጽሕፈት ቤት ሄደው የአራቱንም ተወዳዳሪዎች ወረቀት ስም በስም፣ መስመር በመስመር ከመራጮች መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ያለው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነውና።

አንድ ፊርማ በምን ምክንያት ይወድቃል? ፈራሚው ከምርጫ ክልሉ ወሰን አንድ መንገድ ተሻግሮ የሚኖር ከሆነ ይወድቃል። ቤት ለውጦ አዲሱን አድራሻ ካላስመዘገበ ይወድቃል። በመዝገብ ላይ የሚገኘው ፊርማው ተያይዞ የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ በወረቀቱ ላይ ስሙን በተነጣጠሉ ፊደሎች ጽፎት እንደሆነ ይወድቃል። ወረቀቱን ይዞ የዞረው ሰው ራሱ ሕጉ የሚጠይቀውን ካላሟላ በገጹ ላይ ያለው ፊርማ ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን የመዝገቡ ጉዳይ ነው። በዚያው ሰሞን የከተማው ምርጫ ቦርድ በየጊዜው እንደሚያደርገው መዝገቡን ሲያጠራ፣ ከ13ኛው ክልል ብቻ ከ15,000 በላይ ስሞች ተሰርዘው ነበር። እስቲ አንድ ሽማግሌ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በራቸው ተንኳኳ፤ ከፈቱ፤ የሚያውቁትንና የሚወዱትን ተወዳዳሪ ስም አዩ፤ መነጽራቸውን አድርገው በእጃቸው ፈረሙ። ስማቸው በአሮጌው መዝገብ አለ፤ በአዲሱ የለም። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ያታለሉትም ሰው የለም። ፊርማቸው ግን ከንቱ ሆነ። መሰረዛቸውን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ግጥምጥሞሽ አለ። ኦባማ በ1992 በቺካጎ ከ100,000 በላይ አዳዲስ መራጮች እንዲመዘገቡ ያስቻለውን ዘመቻ የመሩ ሰው ነበሩ። ሰውን ወደ መዝገብ ያስገባው ዘመቻ መሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙ ከመዝገብ የጠፋውን ፈራሚ ሲያስቈጥሩ ተገኙ።

የማመሳከሩ ውጤት በጥር 1996 ታወቀ። ፓልመር 200 ያህል ፊርማ እንደሚጐድላቸው ሲረዱ ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። ከቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ በ86፣ አንዱ በ69 ፊርማ ጐድለው ወደቁ፤ ሦስተኛውም አላለፉም። አንደኛው ተወዳዳሪ የመዝገቡን ነገር አንሥተው ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቢያመለክቱም አልረቱም። በመጋቢት 19 ቀን ለመራጩ የቀረበው የዴሞክራቶች የድምፅ መስጫ ወረቀት ለዚህ ወንበር የያዘው አንድ ስም ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። በመጀመሪያ ለኦባማ የሚቆመውን ወገን እንስማ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። ሕጉን ያወጡት እርሳቸው አይደሉም። ሕጉ ማንኛውም ዜጋ የተወዳዳሪን ፊርማ እንዲቃወም ይፈቅዳል፤ ፍርዱንም የሰጠው ቦርዱ ነው። በሕግ አምላክ ሲባል ቆመን የምንፈራረድ ሕዝብ ልጆች ነንና ይህ ክርክር ይገባናል። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ቢሰሙ፣ ፓልመር በቅሎዋን በፍርድ ስለ ሰጡ ሊቈጩ አይገባም ይሉ ይሆናል። ኦባማ ራሳቸው በ2007 በጋዜጠኞች ተጠይቀው፣ የተከተልነው የተሠራውን ደንብ ነው፤ ፊርማ በትክክል ማሰባሰብ ያልቻለ ሰው ሕዝብን በሚገባ ለመወከል መቻሉም ያጠራጥራል የሚል ሐሳብ ሰጥተዋል።

የፊርማውም ደንብ ያለ ምክንያት አልመጣም። በቺካጎ የድጋፍ ፊርማን በሐሰት መሙላት የቈየ ጥፋት ነው። በገንዘብ የተቀጠሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ወረቀቱን እየተቀባበሉ የማያውቁትን ሰው ስም ይጽፋሉ። ከወደቁት ሦስት ተወዳዳሪዎች አንዱ፣ የቀጠሯቸው ሰዎች ይህንኑ ሳያደርጉባቸው እንዳልቀሩ በኋላ ጠርጥረዋል። እንዲህ ያለውን ፊርማ መቃወም መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፓልመርም ቢሆን ከኦባማ ጋር ነኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ብሂል ያለው ሕዝብ የአደባባይ ቃልን ቀላል አድርጎ አያይም። ፓልመር በኋላ የሰጡት ድጋፍ ያን ያህል የሚያስር እንዳልነበረ ተናግረዋል። ይሁን እንጂ አንድን ሰው ተተኪዬ ነው የሚያሰኝ አቀባበል አድርጎ፣ እርሱም ገንዘብ ለምኖና ረዳት አሰልፎ ከተነሣ በኋላ፣ ሌላ ቦታ ስለ ተሸነፍሁ መልስልኝ ማለት ተገቢ አይደለም። ለታላቅ ቦታ መልቀቅ በማዕድ ዙሪያ ጨዋነት ነው፤ የሕዝብ ወንበር ግን የማንም ማዕድ አይደለም።

ከዚህ ወዲያ ግን እለያለሁ። አንድ ሕግ ለምን እንደ ተሠራ መጠየቅ ሕጉን መድፈር አይደለም። የ757 ፊርማ ደንብ የተሠራው ተወዳዳሪው በሕዝቡ ዘንድ ጥቂት እንኳ ደጋፊ እንዳለው ለማረጋገጥ ነው። ለፓልመር ያን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበርን? ክልሉን አራት ዓመት ያህል የወከሉ ሰው አልነበሩምን? ሐሰተኛ ፊርማ ሲጣል ደንቡ ሥራውን ሠራ። የሽማግሌው እውነተኛ ፊርማ በመዝገብ መጥራት ምክንያት፣ የወጣቷ ፊርማ በፊደል አጣጣል ምክንያት ሲጣል ግን ደንቡ የተሠራበትን ዓላማ መልሶ መታ። እኔ መምህር በነበርሁበት ዘመን ስሙን ከወረቀቱ ቀኝ ማዕዘን ይልቅ በግራ የጻፈ ተማሪን ነጥብ ቀንሼበት ዐውቃለሁ፤ ድርሰቱን ሳላነብ የመለስሁበት ጊዜ ግን የለም።

ኦባማ እነዚህን ሁለት ዐይነት ፊርማዎች ለይተው መቃወም ይችሉ ነበር። ሐሰተኛውን አስጥለው፣ በአጻጻፍ ጉድለት ብቻ የተነቀፈውን ቢተዉት ኖሮ ምናልባት ፓልመር ያልፉ ነበር፤ ምናልባትም ያሸንፉ ነበር። ለኦባማ ይህ ከባድ አደጋ ነው። አንድ ፖለቲከኛ ይህን አደጋ እንዲቀበል መጠበቅ የዋህነት ነው የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ወቀሳ የማቀርበው በኦባማ ላይ ሳይሆን በሕጉ ላይ ነው። በሐሰት የተጻፈንና በስሕተት የተጻፈን ፊርማ በአንድ ሚዛን የሚመዝን፣ መዝገብ በሚጠራበት ሰሞን የገባን ፊርማ በአዲሱ መዝገብ የሚፈርድ ሕግ፣ ጊዜና ጠበቃ ያለውን ተወዳዳሪ ይጠቅማል። ፓልመር ወረቀታቸውን ለማዳን የነበራቸው ጊዜ የገናና የአዲስ ዓመት በዓል የሚውልበት ጥቂት ሳምንት ነበር።

ሌላም ክርክር ይሰማል፤ ፍጻሜው አምሮ የለም ወይ? የሚል። በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሰው በ2009 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ታዲያ መራጩ ምን ጐደለበት? ይላሉ። ይህን ክርክር አልቀበለውም። በመጋቢት 1996 ማንም ሰው 2009ን አያይም ነበር። የተመረጠው ሰው ጥሩ ሆኖ መገኘቱ መራጩ ሳይጠየቅ መቅረቱን አያካክስም፤ ያለ ፈተና ያለፈ ተማሪ በኋላ ሐኪም ቢሆን ፈተናው አላስፈለገም አይባልም።

ደግሞም እኒሁ ሰው በኋላ በግልጽ ተፈትነዋል። በመጋቢት 2000 ለኮንግሬስ ለመመረጥ በዴሞክራቶች የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ቦቢ ረሽ ከሚባሉት ነባር ተወካይ ጋር ገጠሙ። መራጮቹ ሁለቱንም ሰሙ፤ ረሽን ከሁለት እጥፍ በበለጠ ድምፅ መረጡ። በ2004 ለአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በተደረገው የኢሊኖይ የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ሰባት ሆነው ተወዳደሩ፤ ኦባማም ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። የ2000ው ሽንፈት ከ1996ቱ ድል ይልቅ ለፖለቲካ ሕይወታቸው ብዙ ያስተማራቸው ይመስለኛል።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ያዛችሁት መልስ ተመለሱ። ብቻውን ስለ ሮጠው ተማሪ የጻፋችሁትን ፍርድ ከኦባማ ጉዳይ ጋር ስታነጻጽሩ ልዩነት ታገኙ ይሆናል፤ የሜዳው ሩጫ ለተወዳዳሪዎቹ ሲሆን የምርጫው ሩጫ ግን ለተመልካቾቹ ነውና። ኦባማ አሸናፊ ሆኑ፤ ፓልመር ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ፤ ሦስቱም ተወዳዳሪዎች ወደየቤታቸው ገቡ። በመጋቢት 19 ቀን 1996 ጠዋት ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው የሃይድ ፓርክ ነዋሪ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ለዚህ ወንበር የተጻፈውን አንድ ስም አየ።